ሰላይዋ ስታፈቅር፦ የጦርነት ዘመን የስለላና የፍቅር ፊልም ስክሪፕት አጻጻፍ

በጦርነት ዘመን ስላፈቀረች ሰላይ ፊልም ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው በሚዛን ነው። በሚዛኑ አንድ ወገን ፍቅርን፣ በሌላው ወገን ግዴታን ያስቀምጥና ባለታሪኳን በመካከል አቁሞ፣ ታሪኩ ጡዘት ላይ ሲደርስ ከሁለቱ አንዱ እንዲደፋ ያደርጋል። የዚህ ዓይነት ረቂቅ ስክሪፕቶችን ለብዙ ጊዜ አንብቤአለሁ፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል የሚቀዘቅዙት በአንድ ቦታ፣ በመካከላቸው ላይ ነው። ፍቅርና ግዴታ ተለያይተው ከቆሙ ባለታሪኳ እስከ መጨረሻው ድረስ ከመጠበቅ በቀር የምትሠራው ነገር አይኖራትም፤ የሚቀራት መምረጥ ብቻ ነው፤ ምርጫ ደግሞ የአንድ ትዕይንት ጉዳይ እንጂ የሁለት ሰዓት ፊልም የሚሸከም ነገር አይደለም።

እኔ የምመክረው ሌላ መነሻ ነው፤ ፍቅሩን የሚወልደው ግዴታው ራሱ ይሁን። አለቆቿ ወደ አንድ ሰው እንድትጠጋ ያዝዟታል። ለመጠጋት እንደምትወደው ማስመሰል አለባት፤ ማስመሰሏ እንዳይታወቅባት ደግሞ ሰውየውን ማጥናት ይኖርባታል፤ ሲጨነቅ እጁን የት እንደሚያደርግ፣ ሲዋሽ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ሌሊት ምን እንደሚያባንነው ማወቅ አለባት። አንድን ሰው በዚህ ትጋት ያጠና ሰው ልቡን ከዚያ ሰው ማራቅ ይቸግረዋል። ስለዚህ ሥራዋን በሚገባ በሠራች ቁጥር ፍቅሯ እየጠለቀ፣ ፍቅሯ በጠለቀ ቁጥርም ማስመሰሏ እየተዋጣላት ይሄዳል። ሁለቱ እንደ ድርና ማግ አብረው ከተሠሩ በኋላ አንድ ቀን «አንዱን ከሌላው ምዘዢ» ትባላለች። ፊልሙ የሚያስጨንቀው ያኔ ነው፤ ማጉ ሲመዘዝ ጨርቁም አብሮ ይፈርሳልና።

መቼቱን እስከ ወሩ ድረስ መወሰን

«ሁለተኛው የዓለም ጦርነት» መቼት አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ፊልም መቼት ማለት ከተማ፣ ዓመት፣ ከተቻለም ወር ነው፤ በጠላት በተያዘ አገር ሕጉ ከወር ወር ይለዋወጣልና። ሻንጋይን እንመልከት። ጃፓኖች ከሦስት ወር ውጊያ በኋላ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1937 የከተማዋን የቻይናውያን ክፍል ሲይዙ፣ የውጭ መንግሥታት የሚያስተዳድሯቸውን ሠፈሮች አልነኩም ነበር። እነዚህ ሠፈሮች እስከ ዲሴምበር 1941 ድረስ በጦርነቱ መካከል እንደ ብቸኛ ደሴት ቆዩ፤ ቻይናውያንም ያን ጊዜ በዚሁ ስም ያስታውሱታል። በ1939 በሻንጋይ በሚካሄድ ታሪክ ውስጥ አንዲት ሰላይ አንድ መንገድ በማቋረጥ ብቻ ከአንድ ሕግ ወደ ሌላ ሕግ ትሻገራለች፤ በ1942 ግን ያ መሸሸጊያ የለም። ይህ ልዩነት የልብስና የመኪና ጉዳይ ሳይሆን ፍቅረኞቹ የት ሊገናኙ እንደሚችሉ፣ ከተገናኙም በኋላ ማን ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል የሚወስን ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳያ የምጠቀምበት ታሪክ ግን በፈረንሳይ፣ በሊዮን ከተማ የሚካሄድ የራሴ ፈጠራ ነው። ሊዮን እስከ ኖቬምበር 1942 ድረስ የጀርመን ጦር ባልያዘው የደቡብ ክፍል ውስጥ ነበረች። በዚያ ወር ጀርመኖች ገቡ፤ የናዚዎች የምሥጢር ፖሊስ የሆነው ጌስታፖም ተርሚነስ በተባለው ሆቴል ተቀመጠ። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1943 ከጀርመኖች ጋር ያበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ወጣት ወንዶች ወደ ጀርመን ሄደው እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ከዚህ የሸሹት ሁሉ ሐሰተኛ የመታወቂያ ካርድ አስፈለጋቸው። በጁን 21 ቀን ደግሞ በጀርመኖች ላይ የተነሡትን የተቃውሞ ንቅናቄዎች ያስተባብር የነበረው ዣን ሙላን በከተማዋ አጠገብ በካሉዊር ተያዘ። ታሪኬን በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ሳስቀምጠው ከእኔ በኩል ምንም ሳልጨምር ገና ከጅምሩ የወረቀት ችግር፣ የሚሸሹ ልጆችና እየቀረበ የሚመጣ አደጋ አገኘሁ። የከተማዋ አሮጌ ሠፈሮች ደግሞ ትራቡል የሚባሉ፣ በቤቶች ሆድ ውስጥ አልፈው አንዱን መንገድ ከሌላው የሚያገናኙ ጠባብ መተላለፊያዎች አሏቸው፤ የተቃውሞው ሰዎችም ከክትትል ለማምለጥ ይጠቀሙባቸው ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ያገኘ ጸሐፊ የማሳደድ ትዕይንት ለመፈልሰፍ አይጨነቅም።

ባለታሪኳ ከለንደን ተልካ በፓራሹት የወረደች፣ በልብስ ሰፊነት ሽፋን የምትኖር መልእክተኛ ናት። ሰውየው በከተማዋ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የመታወቂያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ማኅተሙ በእጁ ነው። ትእዛዙ «ማኅተሙን አምጪ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ፣ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር የሚነገር፣ ሊጨበጥ የሚችል ነገር የሚጠይቅ ትእዛዝ ይምረጡ። «መረጃ ሰብስቢ» የሚል ትእዛዝ በስክሪፕት ላይ ማለቂያ የለውም፤ ተመልካቹም ሥራው መቼ እንደተሳካ፣ መቼ እንደከሸፈ አያውቅም።

ግዴታ ፊት ይኑረው

«ስለ አገሬ ስል» የሚል ባለታሪክ በልቦለድ ገጽ ላይ ሊያሳምን ይችል ይሆናል፤ በፊልም ግን አገር አይታይም። የሚታየው ሰው ነው። ስለዚህ ግዴታውን የሚወክል፣ ተመልካቹ ከባለታሪኳ እኩል የሚሳሳለት ቢያንስ አንድ ሰው ይፍጠሩ። በእኔ ማሳያ ይህ ሰው ልብስ ሰፊዋ የተከራየችበት ቤት ባለቤት ልጅ ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የግዳጅ ሥራውን ሕግ ሸሽቶ በጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተደብቋል፤ ማታ ማታ ከራሷ በላይ ኮቴው ይሰማታል። ማኅተሙ ካልመጣ የሚወሰደው እሱ ነው። ያ ኮቴ በፊልሙ ውስጥ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይሰማ፤ ከእነዚህ አንዱ ሰውየው ክፍሏ ውስጥ በተቀመጠበት ምሽት ይሁን፤ እሱም ቀና ብሎ ኮርኒሱን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ወሬውን ይቀጥል። ከዚያ በኋላ ስለ ግዴታ የሚናገር አንድም ቃል አያስፈልግም።

አዛዡን ጨካኝ አድርጎ መሣል ቀላሉ፣ ግን ደካማው መንገድ ነው። አዛዡ ክፉ ከሆነ እሱን አለመታዘዝ ምንም አያስከፍልም። ደግ፣ የደከመው፣ ሰዎቹን በስማቸው የሚያስታውስ ሰው ያድርጉት፤ በሚያዝዘውም ነገር ብዙውን ጊዜ ትክክል ይሁን። ከእሱ በላይ ያለው ድርጅት ግን ሊሳሳት ይችላል፤ ለዚህም ታሪክ ከባድ ምስክር አላት። ከ1942 እስከ 1944 ድረስ ጀርመኖች በኔዘርላንድስ ከለንደን የተላኩ የሬዲዮ ሠራተኞችን ይዘው በራሳቸው መሣሪያ ወደ ለንደን መልእክት እንዲልኩ ያስገድዱ ነበር። የመጀመሪያው የተያዘው ሠራተኛ በነጻነት አለመላኩን ለማስታወቅ አስቀድሞ የተስማሙበትን የጥንቃቄ ምልክት ከመልእክቱ ላይ አስቀረ፤ ለንደን ግን የምልክቱን መጉደል ችላ አለች። በዚህም ምክንያት ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ተራ በተራ በፓራሹት እየወረዱ በሚጠብቋቸው ጀርመኖች እጅ ወደቁ። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ባለታሪኳ ትእዛዝን እንድትጠራጠር ማድረግ ይችላል። ጥርጣሬው ግን ማምለጫ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ትእዛዙ ስሕተት መሆኑ ከተረጋገጠ እሱን መጣስ ማስተዋል እንጂ ፍቅር አይደለምና ግጭቱ እዚያው ይሞታል።

ከእውነተኛ ታሪክ ለመነሣት የሚፈልጉ ካሉ ደግሞ የዠንግ ፒንግሩን ነገር በጥሞና ሊያዩት ይገባል። አባቷ ቻይናዊ የሕግ ሰው፣ እናቷ ጃፓናዊት ነበሩ። ጃፓንኛ ስለምትችል ለቻይና ብሔራዊ መንግሥት የስለላ ክፍል በሻንጋይ ትሠራ ነበር፤ የተመደበባትም ሰው ከጃፓኖች ጋር ያበረውና በጄስፊልድ መንገድ ቁጥር 76 የነበረውን የምሥጢር ፖሊስ ከሚመሩት አንዱ፣ ዲንግ ሞትሱን ነበር። በዲሴምበር 1939 አብረው በመኪና ሲሄዱ የጸጉር ካፖርት ወደሚሸጥበት መደብር አስገባችው፤ ውጪ ገዳዮች ይጠብቁ ነበር። እሱ ግን በመስኮቱ በኩል ሁኔታው ስላላማረው በድንገት ሮጦ ወጥቶ ጥይት ወደማይበሳው መኪናው ገባና አመለጠ። እሷ ከዚያ በኋላ ተይዛ በ1940 መጀመሪያ ላይ ተገደለች፤ እሱ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ለፍርድ ቀርቦ በ1947 ተረሸነ። መዝገቡ የሚነግረን ይህን ነው። ያቺ ወጣት በመደብሩ ውስጥ ካፖርቱን ስትለካ በልቧ ምን እንደነበረ የሚናገር ሰነድ የለም፤ የፊልም ጸሐፊ ሥራ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ይህን ባዶ ቦታ በራስ ምናብ ሞልቶ የሟቿን ስም መለጠፍ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። ሕይወቷን የሰጠችበትን ነገር አሳልፋ እንደ ሰጠች አድርጎ መሣል በሕይወት ያሉ ዘመዶቿን ይጎዳል፤ እሷም መልስ ልትሰጥ አትችልም። ስሙን ይለውጡ፣ ሥራዋን ይለውጡ፣ ከተማዋንም ይለውጡ፤ የሚያስፈልግዎ በመደብሩ በርና በመኪናው በር መካከል ያለው የጥቂት ሰከንዶች ጊዜ ብቻ ነው።

ፍላጎት በጣት ጫፍ ይጻፋል

በስለላ ፊልም ውስጥ የፍቅር ትዕይንት ሁልጊዜ የምርመራ ትዕይንትም ነው። ሽፋን እንደ ልብስ የሚለበስ ነገር ነው፤ ወደ ልብስ ደግሞ ከማንም በላይ የሚቀርበው የፍቅረኛ እጅ ነው። ይህን የተረዳ ጸሐፊ የአልጋ ትዕይንትን ለማሳመሪያ አይጠቀምበትም፤ አደጋውና ፍቅሩ በአንድ እንቅስቃሴ የሚታዩበት ቦታ ያደርገዋል።

እንግሊዞች በጁላይ 1940 ያቋቋሙት፣ ሰላዮችንና አሻጥረኞችን ወደ ተያዙ አገሮች የሚልከው የልዩ ዘመቻዎች ድርጅት በዚህ ረገድ የማያልቅ ቁሳቁስ አለው። የድርጅቱ ልብስ ሰፊዎች የተላኪዎቹን ልብስ በሚሄዱበት አገር ዓይነት ይሰፉ ነበር፤ የአዝራር አሰፋፍ ሳይቀር ይጠና ነበር። ባለ አራት ቀዳዳ አዝራር በእንግሊዝ ክሩ ተጣምሮ እንደ መስቀል ሲሰፋ፣ በፈረንሳይ ግን ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ መሥመሮች ሆኖ ይሰፋል። አንድን ሰው ሊያስገድል የሚችለው ነገር የሁለት ክሮች አቅጣጫ ነበር ማለት ነው።

የእኔን ታሪክ የሠራሁት በዚህ አዝራር ዙሪያ ነው። ልብስ ሰፊዋ በፈረንሳይ ወግ መስፋትን ሠልጥናለች፤ በአንድ የደከማት ሌሊት ግን እጇ የልጅነት ልማዱን ተከትሎ የራሷን ሹራብ አዝራር አጣምሮ ይሰፋዋል። ሰውየው የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። በማግሥቱ ምሽት ጣቱ አዝራሩ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል፤ ከዚያም ይቀጥላል። ምንም አይልም። እሷም ለጊዜው አታውቅም፤ ተመልካቹ ግን አይቷል። ከዚህች ቅጽበት በኋላ እሱ የሚያደርገው ነገር ሁሉ፣ ስጦታው፣ ዝምታው፣ መዘግየቱ፣ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፤ ወይ እያጠመዳት ነው፣ ወይ እየጠበቃት ነው። ስክሪፕቱ ቢያንስ ለሃያ ገጽ መልሱን ሳይሰጥ መቆየት አለበት።

እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው ስለ ፍቅር በማሰላሰል ሳይሆን ስለ ዘመኑ ኑሮ በማንበብ ነው። ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ በጦርነቱ ዘመን በፈረንሳይ ትምባሆ በራሽን ካርድ ይታደል ነበር፤ ካርዱ ግን የሚሰጠው ለወንዶች ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት ሲጋራውን ሲያካፍል ከተትረፈረፈው ሳይሆን ከጎደለበት ላይ እየሰጠ ነው። እሷም ይህን ታውቃለች። «እወድሻለሁ» የሚለውን ቃል ከስክሪፕቱ አውጥተው በምትኩ ከመኝታ በፊት ለሁለት የተከፈለች አንድ ሲጋራ ቢያስገቡ የሚያጡት ነገር የለም፤ የሚያተርፉት ግን ብዙ ነው።

ስለ አካላዊ ትዕይንቶች መጠን የሚጠይቁኝ አሉ። መልሴ፣ ክልከላ ራሱ ብልሃት ሊወልድ እንደሚችል ማስታወስ ነው። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተተገበረው የሆሊውድ ደንብ ረዥም መሳሳምን አይፈቅድም ነበር። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1946 ባወጣው «ኖቶሪየስ» በተባለ የስለላ ፊልም ተዋናዮቹ ከጥቂት ሰከንድ በላይ ሳይሳሳሙ፣ በየመሐሉ ስለ እራት እያወሩና ስልክ እየደወሉ፣ ሳይላቀቁ ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዲቆዩ አደረገ። ሰዎቹ የሚያወሩት ተራ ነገር መሆኑ ቅርበታቸውን ከማንኛውም የፍቅር ቃል ይበልጥ አሳየ። በእኔ አስተያየት ትዕይንቱ ምን ያህል ገላ እንደሚያሳይ ከመወሰን በፊት በትዕይንቱ መጨረሻ ላይ ከሁለቱ አንዱ ምን አዲስ ነገር እንዳወቀ መወሰን ይገባል። ምንም አዲስ ነገር ካልታወቀ ትዕይንቱ ይውጣ።

ማን ምን ያውቃል?

ልብ ሰቀላ የሚገኘው ከተኩስ ሳይሆን ከዕውቀት ክፍፍል ነው። ከመጻፍዎ በፊት አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፤ በአንደኛው እሷ የምታውቀውን፣ በሁለተኛው እሱ የሚያውቀውን፣ በሦስተኛው ተመልካቹ የሚያውቀውን በየትዕይንቱ ይጻፉ። ሦስቱ ዓምዶች አንድ ዓይነት የሆኑበት ትዕይንት ካገኙ ያ ትዕይንት እየተንቀሳቀሰ አይደለም። እኔ ይህን ሰንጠረዥ ስክሪፕቱን ከመጻፍ በሚበልጥ ትዕግሥት እሠራዋለሁ፤ በኋላ ብዙ ገጽ ከመቅደድ ያድነኛል።

ጊዜን ለማጥበብ ደግሞ ከሬዲዮ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። የዘመኑ የሰላዮች ሬዲዮ በሻንጣ ውስጥ የሚያዝ፣ ወደ 15 ኪሎ የሚመዝን፣ ረዥም የአንቴና ሽቦ የሚፈልግ ነበር። ጀርመኖች የሞገዱን አቅጣጫ የሚለዩ መኪኖች ስለነበሯቸው ረዘም ላለ ጊዜ የላከ ሰው ቤቱን በራሱ እጅ ጠቆመ ማለት ነው። በ1943 በፈረንሳይ የአንድ ሬዲዮ ሠራተኛ የሥራ ዕድሜ ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ይገመት ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ የፍቅረኞች ቀጠሮ በራሱ ሰዓት ይቆጥራል።

ስለ ሬዲዮ ሳነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ሙሉ ፊልም የሚወጣው ነውና። የሞርስ ምልክት ሲመታ የእያንዳንዱ ሠራተኛ እጅ እንደ እጅ ጽሕፈት የራሱ የሆነ አመታት አለው። በእንግሊዝ ጣቢያዎች ተቀምጠው መልእክት የሚቀበሉት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን ሰው ከእጁ አመታት ይለዩት ነበር። አንዲት ሴት ለወራት የአንድን ሰው እጅ ስትሰማ ኖራ፣ አንድ ሌሊት መልእክቱ በሰዓቱ መጥቶ፣ ቃሉ ትክክል ሆኖ፣ የጥንቃቄ ምልክቱም በቦታው ሆኖ፣ እጁ ግን የእሱ እንዳልሆነ ብታውቅስ? አለቆቿ ምልክቱ እስካለ ድረስ አያምኗትም። ያላት ማስረጃ ፍቅሯ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ፍላጎትና ግዴታ አይጣሉም፤ ከሁሉ ይበልጥ ግዴታዋን የምታውቀው ስለምትወደው ነው። ከመጀመሪያው ያልኩት ድርና ማግ በዚህ ታሪክ ውስጥ በሌላ መልክ ይታያል፤ አንድ ቀን እጽፈዋለሁ ብዬ ያስቀመጥኩት ነበር፤ አንባቢ ከቀደመኝ ደስ ይለኛል።

ጡዘቱ በእጅ ሥራ ይፈታ

ወደ ሊዮን እንመለስ። ማኅተሙ ሊገኝ ሁለት ቀን ሲቀረው ከንቅናቄው ሰዎች አንዱ ይያዛል፤ አዛዡም ማኅተሙ በእጁ ያለው ሰውዬ ከዚህ ቀደም ስም አሳልፎ መስጠቱን ይደርስበታል። አዲስ ትእዛዝ ይመጣል፤ ማኅተሙን ይዞ ወደ ትራቡሉ እንዲመጣ ታድርገው፤ ከምሽቱ በአምስት ሰዓት... ይህን ስጽፍ ቆም አልኩ፤ በዘመኑ በምሽት ከቤት መውጣት የሚከለክል የሰዓት እላፊ ነበርና ቀጠሮው ከቀትር በኋላ፣ ቀን በብርሃን መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ነገር በየትዕይንቱ ይፈትሹ፤ አንድ የሰዓት ስሕተት የተመልካቹን እምነት ያፈርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ሰውየውን ንጹሕ ያደርጉታል፤ ጠቋሚው ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ንጹሕ ከሆነ ፍቅሯና ፍትሕ በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ የምትከፍለውም ዋጋ አይኖርም። ስለዚህ ሰውየው በእርግጥ በክረምቱ አንድ ስም ሰጥቷል፤ የተያዘ ወንድሙን ለማስፈታት ሲል። የሰጠው ስም ባለቤት ሞቷል። እሷ ይህን ትሰማለች፤ ተመልካቹም ይሰማል። ሆኖም ያው ሰው የአዝራሩን ነገር ለሳምንታት በሆዱ ይዞ ያልጠቆማት ሰው ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ጸሐፊው አንዱን ለማለስለስ መሞከር የለበትም።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሰውየው የካፖርቱ አዝራር ሊወድቅ ስለሆነ ይዞ ይመጣል። እሷ መርፌና ክር ታነሣለች። ካሜራው እጇ ላይ ይቆይ። የመጀመሪያውን ክር በሁለት ቀዳዳ ታሳልፋለች፤ ከዚያም ሁለተኛውን ክር ጎን ለጎን በማሳለፍ ፈንታ አጣምራ፣ እሱ እያያት፣ በእንግሊዝ ወግ ትሰፋዋለች። ቀና ትላለች። እሱ አዝራሩን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ካፖርቱን ይለብሳል፣ ይወጣል። ማንነቷን በገዛ እጇ ነገረችው፤ መታወቋን እንደምታውቅም ነገረችው፤ እንዲሸሽም ነገረችው። አንድ ቃል አልተነገረም።

የዚህ ዓይነት ጡዘት የሚሠራው ንግሩ፣ ማለትም የሚመጣውን የሚጠቁመው ፍንጭ፣ አስቀድሞ በሚገባ ከተዘራ ብቻ ነው። ተመልካቹ የሁለቱን አሰፋፍ ልዩነት ቢያንስ ሁለት ጊዜ አይቶ መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ በሥልጠናዋ ወቅት በግልጽ ሲነገር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እሱ ሲያስተውል። ሦስተኛው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በጡዘቱ ጊዜ የሚያብራራ ምልሰት ካስፈለገዎት ስሕተቱ ያለው ቀደም ባሉት ገጾች ላይ ነው፤ ወደዚያ ተመልሰው ያርሙ።

ከዚያ በኋላ ዋጋው ይከፈል፤ ዋጋውም በተመልካቹ ፊት፣ በዝርዝር፣ ምክንያትና ውጤቱ ተያይዞ ይታይ። ሰውየው ሲሸሽ ማኅተሙ አብሮ ሄዷል። ማኅተም ከሌለ ካርድ የለም። በትራቡሉ የሚጠብቁት ሰዎች ከሚገባው በላይ ይቆያሉ፤ አንዱ ሲወጣ ይያዛል። ከሦስት ቀን በኋላ ቤቱ ይፈተሻል። ያ ማታ ማታ የሚሰማው ኮቴ በፊልሙ የመጨረሻ ምሽት አይሰማም፤ እሷ መብራቱን ሳታጠፋ ኮርኒሱን እያየች ተቀምጣለች። ከልዩ ዘመቻዎች ድርጅት የፈረንሳይ ክፍል የተላኩት ሴቶች 39 ነበሩ፤ 13ቱ አልተመለሱም። የእኔ ባለታሪክ ትመለስ ወይም አትመለስ እንደሆነ ሁለት ዓይነት መጨረሻ ጽፌ ሞክሬአለሁ፤ የምመርጠው የምትመለስበትን ነው፤ በለንደን አንድ መኮንን ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ «ማኅተሙ ለምን አልተገኘም?» ተብላ ስትጠየቅ፣ የሹራቧን አዝራር በጣቷ ይዛ፣ ፊልሙ ይቆማል።

ረቂቁን ማረም

አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ የፊልም ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ከ100 እስከ 120 ገጽ ይበቃል። የመጀመሪያው ትእዛዝ እስከ 15ኛው ገጽ ድረስ ይሰጥ። ምልልሱን ጮክ ብለው ያንብቡ። ሰላዮች በሚነጋገሩበት ትዕይንት ሁሉ ቃሉና ሐሳቡ አንድ የሆነበትን መሥመር በቀይ ያስምሩ፤ አብዛኛው ሊሰረዝ ይገባዋል። «ፍቅር»፣ «ግዴታ»፣ «መሥዋዕትነት» የሚሉትን ቃላት ከገጸ ባሕርያቱ አፍ ያውጡ፤ አዛዡ አንዴ ቢል ይፈቀድለታል።

በመጨረሻም ስክሪፕቱን ታሪኩን ለማያውቅ አንድ አንባቢ ይስጡ። ወደዱት ወይስ አልወደዱትም ብለው አይጠይቁ። «ትእዛዙን እንድትጥስ መጀመሪያ የተመኙት በስንተኛው ገጽ ላይ ነው? እንዳትጥስ የፈሩትስ በስንተኛው?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚሰጡዎትን ሁለት ቁጥሮችም ይጻፉ። በሁለቱ መካከል ከሠላሳ ገጽ በላይ ካለ አንዱ ስሜት ሌላውን ሳያገኘው ረጅም መንገድ ሄዷል ማለት ነውና፣ የቤቱን ባለቤት ልጅ ኮቴ ወደ ፊት፣ ወይም የሲጋራዋን ትዕይንት ወደ ኋላ በማምጣት እንደገና ያቀራርቧቸው።